ሌሊት ለተወለዱት የጻፍኩት ቀን

ይድረስ ለአማቼ፤

ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። ሃያ አምስት ኪሎ የአይጥ መኖ ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ማንም ሳይደግፈኝ ተሸክሜ አደርሳለሁ። በአንድ ጠዋት ስልሳ ሳጥን አጥቤ፣ ሰጋቱራ ቀይሬ፣ የውሃ ጠርሙሱን ሞልቼ ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። ደረጃውን በእግሬ ነው የምወጣው፤ ሊፍቱን ለእናንተ ለወጣቶቹ ትቼዋለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። መነጽር የማደርገው ለደቃቅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ይህንንም ደብዳቤ በማንም አላስጻፍኩም፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ፊደል ጎድሎ ወይም ተደርቦ ብታገኝ አታርመው፤ እንዲገባህ እንጂ እንዲያምር ብዬ አልጻፍኩትም።

ይህን ያስቀደምኩት እንደ ጃጀ ሽማግሌ እንዳታነበኝ ነው። አሁን ሰላምታ። ብናደድም አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁምና ሰላምታ አልነፍግህም። እንደምን ሰንብተሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? ትንሿ ሳሏ ለቀቃት? ትልቁ ሒሳብ እምቢ ብሎኛል ሲል ነበር፤ በርታ በለው። ልጄስ፣ ሚስትህ፣ ደህና ናት? እኔ አካሌ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ልነግርህ ነው የተነሳሁት።

ባለፈው አርብ ቢሮህ ድረስ ወጥቼ ስናገር ምን እንዳደረግክ ታስታውሳለህ? ወንበር ሳብክልኝ። ሻይ አስመጣህልኝ። እኔ ስለ ሰው መተዳደሪያ እናገራለሁ፣ አንተ «ስኳር ስንት ላድርግልዎ?» ትለኛለህ። «እሺ አባባ፣ ገብቶኛል አባባ» እያልክ በር ድረስ ሸኘኸኝ። ሰው ሲያረጅ የሚሰሙት በጆሮ ሳይሆን በትከሻ ነው፤ እያሻሹ ይሸኙታል። በአሥራ ስድስት ዓመት አማችነትህ ያወቅኩት አንድ ነገር ቢኖር ከወረቀት በቀር የምታምነው እንደሌለ ነው። እንግዲህ እነሆ ወረቀት። ወረቀት ሻይ ጠጥቶ አይሄድልህም።

ሳጥን አጣቢ ፎቅ ላይ የሚሠራውን አያውቅም ብለህ ታስብ ይሆናል። እኔ የማውቀውን ልጻፍልህ፤ ስህተት ካለው እዚያው ላይ አርመው።

አይጥን የሚያልባት በእግሯ መዳፍ ብቻ ነው። አዮዲንና ስታርች ስትቀቧት ላቡ የወጣበት ቦታ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍንጣሪ ጠቆር ጠቆር ብሎ ይታያል። ስትወለድ ግን የላብ ዕጢዋ ገና አልተሠራም። ከቆዳው ተነስቶ እንደ ቀጭን ሥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ጫፉ ይጠቀለላል። የእናንተ ሥራ በስንተኛው ቀን የትኛው ሴል ምን ሥራ እንደያዘ ማወቅ ነው። አንድ እሁድ ምሳ ላይ አንተው ነህ ያስረዳኸኝ። ሴል ሥራ ሲይዝ ራሱን የሚያስታውቅበት ፕሮቲን ያወጣል፣ እንደ ደንብ ልብስ ነው፣ ዘበኛውን ከፖስተኛው በልብሱ እንደምንለየው ነው አልከኝ። የውጪዎቹ ሴሎች ልብስ ሲቀለም ቀይ ያበራል፤ የውስጦቹ፣ ላቡን የሚያመነጩት፣ አረንጓዴ። ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቅህ ደግሞ፣ ክፉኛ የተቃጠለ ሰው ቆዳው ቢድን እንኳ ላብ አያወጣም፣ በሙቀት ይታፈናል፣ ዕጢው እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን አንድ ቀን መልሰን እናበቅለው ይሆናል አልክ። ያን እሁድ ኮርቼብህ ነበር። ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው ብዬ ነበር።

ያንን ቀይና አረንጓዴ የምታወጣላችሁ ቀላሚዋ ናት። ስሟን ሁላችሁም ትታችሁ ቀላሚዋ ትሏታላችሁ፤ እኔም ለምዶብኛል። ከጥፍር የማትበልጠውን እግር ከፀጉር አቅጥና ትቆርጣለች፣ መስታወት ላይ ታስተኛዋለች፣ ታጥባለች፣ ትቀልማለች፣ እንደገና ታጥባለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አጎንብሳ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቀርቷል። ሁለት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ቆማ ስታወራ አላየኋትም፤ ስታወራም እጇ የሆነ ነገር ይጠርጋል።

እንግዲህ ሥራችሁን ለሳይንስ መጽሔቱ ላካችሁ። ከመታተሙ በፊት የሚመረምሩት አንባቢዎች ጠየቁ። አረንጓዴው በአራተኛው ቀን ይመጣል ካላችሁ፣ ከአራት ቀን ጨቅላዎች ውስጥ ግማሹ እያበራ ግማሹ ለምን ጨለማ ሆነ? አሉ። ደግ ጠይቀዋል። አንተ ምን መለስክ? ጨለማ የሆኑት አርባ አንዱ በአቀላለም ጉድለት የተበላሹ ናቸው፣ አውጥተን ጥለናቸዋል፣ ያበላሸችውንም ሠራተኛ አሰናብተናል ብለህ ጻፍክ። ለእሷም ደብዳቤ ሰጠሃት፤ በወሩ መጨረሻ ትለቂያለሽ፣ ምክንያቱም በሥራ ልምድ ወረቀትሽ ላይ ይሰፍራል የሚል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ማን በር ይከፍትላታል?

ደብዳቤው በደረሳት ማግስት ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ክፍል ወረደች። ልትሰናበተኝ መስሎኝ እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።

«አባባ፣ የሁለት ዓመቱን ካርድ ሁሉ ይስጡኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊበት?» አልኳት።

«ላለቅስበት» አለች። አላለቀሰችም።

የጨቅላዎቹን የልደት ቀን የምጽፍበትን የሳጥን ካርድ እንደማልጥል ታውቃለህ። በየወሩ አስሬ በጫማ ካርቶን አስቀምጣለሁ፤ ልጄ ልጅ ሳለች ጀምሮ የተጠራቀመ የጫማ ካርቶን ነው። ቀላሚዋ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና ካርዶቹን ጭኗ ላይ ዘረገፈቻቸው። የመስታወቶቿን ዝርዝር ከጎኗ አደረገች። እኔ ጠርሙስ እያጠብኩ በጎን አያታለሁ። ቆይታ ቀና አለች።

«ጥግ ላይ ያለው ነጥብ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ነገር ነው። ጠዋት ስገባ ተወልደው ያገኘኋቸውን ነጥብ አደርግባቸዋለሁ፤ እኔ እያየሁ በቀን የተወለዱትን አላደርግም። ሌሊት ያማጠች እናት ደክሟት ስለምትውል ያን ቀን ሳጥኗን አልነካውም፤ እንዳልረሳ ብዬ ነው። ካርዶቹን ለሁለት ትከፍል ጀመር፤ ነጥብ ያለበትን ወደ ቀኝ፣ የሌለበትን ወደ ግራ። ስትጨርስ ዝርዝሯን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ጨለማ ናቸው ብለህ የጣልካቸው አርባ አንዱም ከቀኙ ክምር ሆኑ። ከግራው አንድም የለም።

ያኔም አልገባኝም። «ታዲያ ሌሊት የተወለደ አይጥ ላብ አያውቅም ማለት ነው? ሌሊት የሚወለድ ሰውም አለ እኮ፤ የኔ አማች አንዱ ነው፣ ሲሠራ አልቦት አያውቅም» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ተነስታ ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አወረደች፤ ካርዱን በመዳፏ ሸፍናዋለች።

«እጅዎ አይሳሳትም ሲሉ እሰማለሁ። ስንት ቀናቸው ነው?»

እኔ ሞኙ ኮራሁ። አንዱን ጨቅላ አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ቆዳው ገና ቀይ ነው፣ የጠጣው ወተት ከሆዱ ላይ ነጥቶ ይታያል፣ ጆሮው ከራሱ አልተላቀቀም። «ሦስት ቀኑ ነው። ጆሮው ነገ ይቆማል። ከፈለግሽ እንወራረድ» አልኳት። መዳፏን አነሳች። በካርዱ ቀን ቢቆጠር አራት ነው። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ጥግ ላይ ነጥብ አለበት። ሁለተኛ አወረደች። ሁለት ቀኑ ነው አልኩ፤ ካርዱ ሦስት አለኝ። ሦስተኛ አወረደች፤ እሱም እንደዚያው። አራተኛውን ልታወርድ ስትል «ተይው» አልኳት።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዘንዶው እኔ ነበርኩ።

የድሮው ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተቀጠርኩ በሳምንቱ የነገረኝ ደንብ አንድ ነው። ጠዋት ገብተህ ያገኘኸው ጨቅላ የዚያ ጠዋት ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ለነገው ስጠው አለኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሌሊቱን ለነገው ሰጠሁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን፣ ሐሙስ ጠዋት ያገኘሁትን ረቡዕ ብዬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እጄ ያውቃል፣ ዓይኔ ያውቃል፣ ብዕሬ ግን ሌላ ይጽፋል። አንድ ቀን ምን አላት ትል ይሆናል። ዕድሜው በአራት ቀን ለሚቆጠር ፍጥረት አንድ ቀን የዕድሜው ሩብ ነው፤ ይህንን ለኔ መንገር የለብህም።

ቀላሚዋ የወር ካርቶኖቹን ከዝርዝሯ ጋር እያስተያየች ወደ ኋላ እየከፈተች ሄደች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እስከዚህ ወር ነጥብ ያለበትም የሌለበትም ልክ ነው» አለች። «ከዚህ ወዲህ ነው ነጥብ ያለበት ሁሉ የሳተው። አባባ፣ በዚህ ወር ምን ሆኖ ነበር?»

የጠርሙሱን መደርደሪያ አቀብይኝ አልኳት። አቀበለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችም። ከዚያ ይልቅ ምን አለችኝ መሰለህ? «ቀኑ ቢታረም እኮ ሥራው ከበፊቱ ይልቅ ይጠራል፤ በሦስተኛው ቀን ማንም አያበራም፣ በአራተኛው ሁሉም ያበራል ማለት ነው። የጣሏቸው አርባ አንዱ የሦስት ቀን እግሮች ናቸው፤ ጨለማ መሆናቸው ልክ ነው» አለችኝ። ሊያባርሯት ደብዳቤ የጻፉላት ሴት ስለ ሥራችሁ ተደሰተች። እኔ አፈርኩ፤ ከሰባ ሦስት ዓመቴ ያን ያህል ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

አርብ ዕለት ይህንን ነው ልነግርህ የመጣሁት። ትደነግጣለህ ብዬ ነበር። ለራሴ ሳይሆን ላንተ አዝኜ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። ደክሞኝ አይደለም። ጨርሼ ስነግርህ ምን አልከኝ?

«አውቀዋለሁ አባባ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

የጨቅላዎቹን ክብደት ከዕድሜያቸው ጋር ስታመሳክር አንድ ቀን እንደሚያንሱ ደርሰህበታል። የሷ ደብዳቤ ከተጻፈ ገና አሥር ቀኑ ነው። ሒሳብ የምትችለው አንተ ነህ፤ አስላው። አውቀህ ነው የጻፍክባት።

ከዚያ ደግሞ ታባብለኝ ጀመር። እሷ ገና ጉልበት አላት፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች። እርስዎ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የለፉ ሰው ነዎት፣ ፎቶዎ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፣ በዚህ ዕድሜዎ ስምዎ በስህተት ሲነሳ ልጅዎ ምን ትለኛለች? አልክ። ሻዩን ያልጠጣሁት ያኔ ነው።

ስማኝ። ልጅ ሲያጠፋ አባት ይሸፍናል፤ ያባት ወግ ነው። አባት ያጠፋውን ልጅ ሲሸፍንበት ግን አባትየውን በቁሙ ቀበረው ማለት ነው። እኔ ገና አልሞትኩም። የኔን ጥፋት አንስተህ በሰው ሚዛን ላይ ስትጭን «ለእርስዎ ብዬ ነው» አትበለኝ። ግማሹ ለኔ ነው እንበል። ግማሹ ግን፣ ጡረታ የወጣ ሰው ለምን ቀጥረህ አቆየህ፣ አማትህ ስለሆነ ነው ወይ እንዳይሉህ ነው። በኔ ሽበት ተጠልለህ የሁለት ልጆች እናት ታስወጣለህ? እኔ የማንም ጥላ መሆን አልጠላም፤ እንዲህ ላለው ግን ጥላ አልሆንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ያንተን እውነት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህበት እንዴት ይጥራ?

ይባስ ብለህ በር ላይ ስትሸኘኝ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «እማዬ ካረፉ ወዲህ እርስዎ ልክ እንዳልሆኑ ሁላችንም እናውቃለን» አልከኝ። ሚስቴን ለኔ ስህተት ሰበብ አድርገህ አመጣሃት። እሷ በሕይወቷ ለማንም ሰበብ ሆና አታውቅም። መቼም አንዴ ስሟን አንስተኸዋልና፣ ሁለት ዓመት የዋጥኩትን እኔም ልትፋው።

የመቃብሯ ድንጋይ ላይ ያስጻፍከው ቀን ልክ አይደለም። የሐኪም ቤቱን ወረቀት ይዘህ ለቀራጩ ሰጠኸው፤ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። እኔን አልጠየቅከኝም። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ማታ እጇ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ሞቃት ነበር። ነርሷ የኮሪደሩን መብራት ስትቀንስ ሚስቴ «ተኛ አንተ ሰውዬ፣ ነገ ሥራ አለህ» ብላኛለች። አልተኛም አልኳት። «መቼ እሺ ብለህ ታውቃለህ» አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው፤ ስድብ ነው፣ የኔም ነው። ማክሰኞ የሚባል ቀን አላየችም። ሰው የሚሞተው እጁን የያዘው ሰው ባለበት ሰዓት ነው እንጂ ነርስ ወረቀት ላይ በጻፈችው ሰዓት አይደለም። ድንጋዩ ይታረም ስል አንተ «የሐኪም ማስረጃ ነው» አልክ። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ይሁን» አለችኝና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ጮኼባታለሁ። ጎረቤት የሰማው ጩኸት ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ብቻ ነው የቀረን፤ አንተም አይተህ እንዳላየህ አልፈኸዋል።

ይህንን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። ከካርዶቹ ጎን አድርጌ ሳነበው አንድ ነገር አየሁበት። ያየሁትን ግን ላንተ አልጽፍም፤ አንተ አስተዋይ ነህ፣ ቀላሚዋም ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዋለች።

እንግዲህ ያለብኝን ዕዳ ልናገርና ላብቃ። የገንዘብ አይደለም፤ የማንም ሰው ሳንቲም የለብኝም። እኔው ራሴ የምከፍለው ነው፤ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም፣ አንተ በተለይ።

የቀላሚዋ ከሁሉ ይቀድማል። ሐሙስ ጠዋት በሳምንቱ ስብሰባችሁ ላይ ሁለቱን የካርድ ክምር ይዤ እገባለሁ። ጋወኔን ለብሼ ነው የምመጣው፤ እንደ እንግዳ አታስቀምጡኝ። የሳትኩት እኔ ነኝ፣ እጇ አልሳተም ብዬ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ወንድ ከሆንክ ቀድመኸኝ ተናገር፤ ደብዳቤዋን ቀድደህ፣ ለመጽሔቱም የዋሸኸውን አስተካክለህ ጻፍ። ያኔ ሁለተኛ ሆኜ እናገራለሁ፣ ቅርም አይለኝም። ካልተናገርክ ግን ያቺ ሦስት ሳምንትም አብራ ትነገራለች። በመጀመሪያ እሷው ክፍል ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ቆሜ ነው የምጠይቃት፣ እጇ የሚጠርገውን እስኪጨርስ ጠብቄ።

ከዚያ ካርዶቹ አሉ። ነጥብ ያለባቸውን የሁለት ዓመት ካርዶች አንድ በአንድ በቀይ አርማለሁ፣ ሥሩ ላይ እፈርማለሁ። አሮጌውን ቀን አልፍቀውም፤ የተሳሳተው ከታረመው ጎን ይታይ። ሠላሳ ሠላሳ በቀን ብሠራ ሁለት ሳምንት አይፈጅብኝም።

ለጨቅላዎቹም አለብኝ። እነዚያን አርባ አንድ ከእናታቸው ሥር በዚህ እጄ እየወሰድኩ ነው የሰጠኋችሁ። ስሰጣችሁ ለአንድ ነገር ይሆናሉ ብዬ ነው፤ ከቆሻሻ ልትደባልቋቸው አይደለም። ለአይጥ ምን ይከፈላል ብለህ ሳቅ፤ ብቻ መስታወቶቹን ከጣልክበት አውጣና ሦስት ቀን ብለህ ቁጠራቸው። ካላወጣሃቸው እኔ ገብቼ አወጣቸዋለሁ፤ የቆሻሻው ክፍል ቁልፍ ከኔ ዘንድ ነው።

ያንተም አለብኝ፤ አልክድህም። ሚስቴ ከሞተች በኋላ «ቤት ቁጭ ካሉ ይሞታሉ» ብለህ ኃላፊዎቹን ለምነህ ያቆየኸኝ አንተ ነህ። ውለታ ነው። ሰው በበደለኝ ቀን ውለታውን የምረሳ አይደለሁም፣ ውለታውን አስቤም በደሉን አልውጥም። የምከፍልህ እንዲህ ነው። የምትተኩብኝን ሰው ላኩልኝ፤ ጆሮው መቼ እንደሚቆም፣ ፀጉሩ መቼ እንደሚበቅል፣ ዓይኑ መቼ እንደሚከፈት፣ ሌሊቱ ለማን እንደሚሰጥ አስተምረዋለሁ። ሲችል ቁልፉን ሰጥቼ እወጣለሁ። ፎቶዬን ግን ከኮሪደሩ አውርዱት። ስታነሱኝ ኮሌታዬ ተጠማዞ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልፍ ስገባ አበሳጭቶኛል።

ልጆችህን አምላክ ያሳድግልህ። ትንሿን ከሳል ይማርልህ። ትልቁ የሚሠራው ሁሉ ይቃናለት፤ ስህተቱን የሚነግረው ሰው አይጣ። ቤትህ ሙሉ ይሁን፣ እጅህ ንጹሕ ይሁን። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ንዴቴም ከልቤ ነው፤ ሁለቱም አንድ ቤት ይኖራሉ።

የቀረው የልጄ ነው። በዚያ ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ወንበሩ ላይ ትከሻዬን ይዞ ማን እንደቀሰቀሰኝ አልረሳሁም። የእናቷን እጅ ከእጄ ያላቀቀው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ እኔ ስጮኽባት ጓዳ ገብታ ዝም አለችልኝ። ላንተም እንዳልነገረችህ እርግጠኛ ነኝ። ይህን መስመር አንብበህ ቀድመህ እንዳትነግራት። እሁድ እኔ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።

የሚስትህ አባት